የአሳማ ጽንስ ላቦራቶሪ ውስጥ አላድግ ሲል፦ ጅማ ላይ መጀመሪያ ጋዙን ይፈትሹ

ችግር፦ ጽንሱ አራት ህዋስ ላይ ደርሶ ይቆማል።

የአሳማ ጽንስ የራሱን ጂኖች ሥራ በስፋት የሚያስጀምረው አራት ህዋስ ላይ ነው። እስከዚያ የሚኖረው እንቁላሉ ባቆየለት ስንቅ ስለሆነ፣ ቀደም ብሎ የተበላሸ ነገር ሁሉ እዚህ ላይ ይጋለጣል። አብዛኛው ሰው ወዲያው እንቁላሉን ወይም ማሳደጊያ ፈሳሹን ይጠረጥራል። እኔ ግን ጽንሱ በሚያድግበት ኢንኩቤተር (ሙቀትና ጋዝ የሚቆጣጠር ሳጥን) ውስጥ ያለውን ጋዝ ሳልፈትሽ ሌላውን አልነካም።

መመሪያዎቹ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይላሉ፤ ይህ ግን ለባሕር ጠለል የሚስማማ ቁጥር ነው። ጅማ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቷ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። እዚህ 5 በመቶ የገባ ጋዝ ለፈሳሹ የሚደርሰው እንደ 4 በመቶ ነው፤ ፒኤቹም (የአሲድነቱ ልኬት፤ ከፍ ሲል አሲድነቱ ይቀንሳል) በ0.1 ገደማ ከፍ ይላል። ለጽንስ ይህ ቀላል አይደለም።

መፍትሄው ጋዙን ወደ 6 በመቶ ማሳደግ ነው፤ ነገር ግን በጭፍን አይደለም። አንዳንድ ኢንኩቤተሮች የሚለኩት ጋዙ ከአየሩ ያለውን ድርሻ ሳይሆን በውስጣቸው ያለውን የጋዝ ብዛት ስለሆነ፣ መስኮታቸው ላይ 5 ቢነበብም እውነተኛው ድርሻ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ዳኛው ፒኤች ነው። ጽንስ የሌለበት ሳህን ላይ ያንኑ ፈሳሽ አድርገው ያሳድሩና ጠዋት በፍጥነት ይለኩ፤ ከ7.2 እስከ 7.4 ከሆነ ደህና ነው። ፊኖል ሬድ (በፒኤች ቀለሙን የሚቀይር ማቅለሚያ) ያለበት ፈሳሽ ወደ ሐምራዊ ካደላ ጋዙ አንሷል ማለት ነው። ኦክስጅኑንም በናይትሮጅን ወደ 5 በመቶ ማውረድ ይረዳል።

ችግር፦ እንቁላሉ ይከፈላል፤ ህዋሶቹ ግን ወጣ ገባና ስብርባሪ የበዛባቸው ናቸው።

በአሳማ ዘንድ የታወቀው ጣጣ ወደ አንድ እንቁላል ብዙ የወንድ ዘር ህዋስ መግባቱ ነው። ከተዋሐዱ ከ12 እስከ 18 ሰዓት ባለው ጊዜ ጥቂት እንቁላሎችን ቀልመው ኒውክለሶቹን (ጂኖቹን የያዙትን እምብርቶች) ይቁጠሩ። ከሁለት በላይ ከሆኑ የዘር ህዋሱን ቁጥር ይቀንሱ፤ አብረው የሚቆዩበትንም ሰዓት ያሳጥሩ። እንቁላሉ ጥቁር ሆኖ መታየቱ ግን በሽታ አይደለም፤ ስብ ስለሞላው ነው። ጀማሪ ሁሉ ጤነኛውን እንቁላል የሚጥለው በዚህ ምክንያት ነው።

ችግር፦ ጽንሶቹ ሁሉ በአንድ ሌሊት ይሞታሉ።

ያው ስብ ለቅዝቃዜ እጅግ ስስ ያደርጋቸዋል፤ ከ15 ዲግሪ በታች ከወረዱ አይተርፉም። መብራት ሲጠፋ በሩን አይክፈቱ። ሲመለስም ጠብታው ውስጥ ያለውን ሙቀት በሌላ ቴርሞሜትር ይለኩ፤ የሚፈለገው ከ38.5 እስከ 39 ዲግሪ ነው። እንቁላሉ የሚወጣባቸው ኦቫሪዎችም (የእንስሳዋ እንቁላል ማፍሪያዎች) ከቄራ የሚመጡት በሙቅ ፔርሙዝ ይሁን። ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም አሳማ በማይበላበት ከተማ ኦቫሪውን ማግኘቱ ራሱ ሌላ ፈተና ነው፤ እጅ ማፍታቻው በላም ኦቫሪ ቢሆን ይሻላል።

ሻጋታ ከታየ የኢንኩቤተሩን ውኃ በየሳምንቱ በንጹሕ የተጣራ ውኃ ይለውጡ። አውቶክሌቭ (ዕቃን በእንፋሎት ግፊት የሚያመክን መሣሪያ) ሲጠቀሙ ደግሞ የግፊት መለኪያውን ብቻ አይመኑ፤ በዚህ ከፍታ 121 ዲግሪ ለመድረስ መመሪያው ከሚለው ጥቂት ከፍ ያለ ግፊት ያስፈልጋል።