ድምፁ በአንድ ጆሮ ብቻ ሲሰማ

ጥር በመጣ ቁጥር ስልኬ የሚጮኸው በአንድ ጉዳይ ነው። «የሠርጉን ቪዲዮ ቆርጬ ጨረስኩ፣ ግን ድምፁ በግራ ጆሮ ብቻ ነው የሚሰማው።» ኤርፎን መቀየሩን ሁሉም ሞክሮታል። ስለዚህ ቀጥታ ወደ ታይምላይኑ፣ የተቀረጹት ክሊፖች ተደርድረው ወደሚቆረጡበት ቦታ፣ እንሂድ።

የድምፅ ትራኩን ወደ ታች ዘርጉት። ሁለት መስመር ታያላችሁ። የላይኛው ወጣ ገባ ይላል። የታችኛው እንደ ክር ቀጥ ብሎ ተኝቷል። የላይኛው ግራ፣ የታችኛው ቀኝ ነው። ቀኙ ባዶ ነው ማለት ነው።

የልብስ ማይክ ሞኖ ነው፤ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ካሜራው ግን ፋይሉን ስቴሪዮ፣ ማለትም የግራና የቀኝ ሁለት ቻናል፣ አድርጎ ይቀርጻል። ማይኩ በአንድ ቻናል ብቻ ከገባ ሌላው ባዶውን ይቀረጻል። ፋይሉ አልተበላሸም፣ አትደንግጡ።

ፕሪሚየር ፕሮ በሚባለው የቪዲዮ መቁረጫ ፕሮግራም ላይ ክሊፑን ፕሮጀክት ፓነል (የፋይሎቹ ዝርዝር) ውስጥ ምረጡና ሺፍትና G ፊደልን አብራችሁ ተጫኑ። በሚከፈተው ሰንጠረዥ ለግራም ለቀኝም የግራውን ቻናል ስጡ። ሌላው ፕሮግራም ዳቪንቺ ሪዞልቭ ላይ ክሊፕ አትሪቢውትስ ውስጥ ኦዲዮ የሚለውን ክፈቱ። ስቴሪዮ እንዳለ ተዉትና ሁለቱንም ወደ ቻናል 1 አዙሩ።

ይህን የምታደርጉት ክሊፑ ታይምላይን ላይ ከመግባቱ በፊት ነው! ፕሪሚየር ላይ ቀድሞ የገባውን ክሊፕ አይነካውም። አንድ ልጅ ይህን ሳያውቅ የሁለት ሳምንት ሥራውን ሰርዞ እንደ አዲስ መቁረጥ ጀምሮ ነበር። ሲደውልልኝ ግማሽ ሌሊት አልፎታል። ታይምላይኑን እንዳለ መልሰን «ፊል ራይት ዊዝ ሌፍት» የሚባለውን ኢፌክት ክሊፖቹ ላይ ጣልን። አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ግን ይህን ኢፌክት በጅምላ አትጣሉት። ዘፈኑ ስቴሪዮ ነው፣ ግማሹን ትገድሉታላችሁ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ባለ ሁለት ማይክ ቀረጻ ነው። አንዳንድ ሽቦ አልባ ማይኮች አንዱን ሰው በግራ፣ ሌላውን በቀኝ ይቀርጻሉ። አንድ ጊዜ ሙሽራው በግራ፣ አያቱ በቀኝ ነበሩ። ኤዲተሩ ሁሉን በግራው ሞላው። እማማ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ምርቃታቸው ግን የለም። ከሙሽራው ማይክ ላይ ከሩቅ የሚመጣ ሹክሹክታ ብቻ ቀረ። ቤተሰቡ ካየው በኋላ ነው የተደወለልኝ። ዋናው ፋይል ባይቀመጥ ኖሮ ያ ምርቃት ሄዶ ነበር። እባካችሁ ቀኙን ለብቻው ሳታዳምጡ አትሙሉት። ሁለት ሰው ካለ እያንዳንዱን ቻናል ለየብቻው ሞኖ አድርጋችሁ አውጡ። ሁለቱንም መሃል ላይ አድርጓቸው።

ሁለቱም ቻናል ላይ ያው ድምፅ ካለና አንዱ ዝቅ ካለ፣ ማይኩ መጠባበቂያ ቀርጾላችኋል። ከፍ ያለው ካልተሰነጠቀ እሱን ተጠቀሙ።

ሌላም አለ። ኮምፒውተር ላይ ይሰማል፣ ስልክ ላይ ንግግሩ ይጠፋል። ይህ ከአዳራሹ ሚክሰር (የድምፅ ማቀላቀያ) ወደ ካሜራ በተዘረጋ ርካሽ ገመድ የሚመጣ ጣጣ ነው። ሚክሰሩ አንዱን ድምፅ ሁለት ጊዜ ይልከዋል፤ አንዱን ቀጥ አድርጎ፣ ሌላውን ገልብጦ። ደህና ገመድ ቀጥታውን ብቻ ለሁለቱም ቻናል ያደርሳል። ርካሹ ግን ቀጥታውን ለግራ፣ የተገለበጠውን ለቀኝ ይሰጣል። በኤርፎን ስትሰሙ ድምፁ ጭንቅላታችሁ ውስጥ ቦታ ያጣ ይመስላል። ባለ አንድ ስፒከር ስልክ ሁለቱን ሲደምር ይጠፋፋሉ። የድምፁን ከፍታ የሚያሳየው ሜትር ደግሞ በሁለቱም በኩል ስለሚዘል ኤዲተሩ ምንም አይጠረጥርም። እዚህ ላይ ቀኙን በግራው መሙላት ትክክለኛው መፍትሄ ነው። ገመዱን ግን ጣሉት! እንዲህ ያለ ገመድ የሚሸጥ ሰው የሌላውን ሠርግ እያበላሸ ነው። ሥራ ከማስረከባችሁ በፊት የማስተር ድምፁን (ሁሉም ትራክ ተደምሮ የሚወጣውን) ለጊዜው ሞኖ አድርጋችሁ ስሙት።

ትራኩ ደህና ሆኖ ኤክስፖርቱ ብቻ በአንድ ጆሮ ከወጣ፣ ፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን የትራክ ሚክሰር ባላንስ (የግራና ቀኝ ሚዛን) እዩ። ዜሮ ላይ ይሁን። ያማረረው አንድ ደንበኛ ብቻ ከሆነ ደግሞ የስልኩን ሴቲንግ አስከፍቱት። የግራና ቀኝ ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ተስቦ ታገኙት ይሆናል።