ቤት በአዳር ስታከራዩ ትርፍ መኝታ ክፍሎችን እንዴት ትይዛላችሁ?

ደሴ ወይም ላሊበላ ውስጥ ባለ አራት መኝታ ቤት በአዳር የሚያከራይ ሰው ይህን ያውቀዋል፦ "ሁለት ነን" ብለው የተከራዩት እንግዶች ሲወጡ አራቱም አልጋ ተነካክቶ ይገኛል። ማንም አላታለለም። አንዱ ከምሳ በኋላ ጋደም ብሏል፣ ሌላው ሻንጣውን አልጋ ላይ ዘርግፏል። አጠባው ግን የአራት አልጋ ነው፤ በሐምሌ የደሴ ጉም ደግሞ አንሶላ በሁለት ቀንም ላይደርቅ ይችላል።

ዋጋውን በሚነጠፍ አልጋ ቁረጡ። የሰው ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። እናትና ለአቅመ አዳም የደረሰ ልጇ ሁለት ሰው ናቸው፣ ሁለት ክፍል ይፈልጋሉ፤ ባልና ሚስት ከሁለት ሕፃናት ጋር አራት ናቸው፣ አንድ ሰፊ ክፍል ይበቃቸው ይሆናል። ስለዚህ ቀጠሮ ሲያዝ "ስንት አልጋ ላንጥፍላችሁ?" በሉ። ማን ከማን ጋር እንደሚተኛ ሳትጠይቁ መልሱን ታገኛላችሁ። የተባባላችሁትን በቴሌግራም ወይም በአጭር መልእክት አስቀሩት።

ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። ገና በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28፣ በሌሎቹ ዓመታት 29 ይውላል፤ ከውጭ የሚመጣው እንግዳ ግን ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ብሎ ነው የሚይዘው። ላሊበላ ላይ በዚያ ሰሞን የአንድ አዳር ስህተት ሰውን ደጅ ያሳድራል።

ያልተከፈለበትን ክፍል ቆልፉ፤ ግን አስቀድማችሁ ተናገሩ። ብዙ አከራይ የሚበላሽበት እዚህ ላይ ነው። እንግዳው ደርሶ የተቆለፈ በር ሲያገኝ ወይ አልታመንኩም ይላል፣ ወይ ውስጥ ሰው አለ ብሎ ይሰጋል። ከመምጣቱ በፊት "ሁለቱ ክፍሎች ዝግ ናቸው፤ ከፈለጋችሁ በዚህ ዋጋ ይከፈታሉ" የሚል አንድ መስመር ላኩለት።

ቁልፉ ራሱ መፈተሽ አለበት። በአንድ ጊዜ የተገዙ ርካሽ የውስጥ በር ቁልፎች ብዙ ጊዜ አንዱ በሌላው ይከፈታል። እያንዳንዱን ቁልፍ በእያንዳንዱ በር ሞክሩ፤ የሚከፍት ካለ ቀይሩት። የውስጥ በር ላይ ጓጉንቸር ማንጠልጠል ይሠራል፣ ነገር ግን ቤቱን መጋዘን ያስመስለዋል።

ከመቆለፋችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩ። የቆጣሪው ማጥፊያ ወይም የውሃው ዋና መዝጊያ በዚያ ክፍል ውስጥ ከሆነ አትቆልፉ፤ ሌሊት ቧንቧ ቢፈነዳ እንግዳው መዝጋት አለበት። ወደ ውጭ የሚያስወጣ ሌላ በር ያለውም ክፍል እንዲሁ፤ እሳት ቢነሳ ማምለጫ ነው። የራሱ መታጠቢያ ያለው ክፍል ለረጅም ጊዜ ከተዘጋ ደግሞ የፍሳሹ ሲፎን (ከሥሩ ያለው ጎባጣ ቧንቧ) ውስጥ ያለው ውሃ ይደርቅና ሽታ ወደ ቤት ይወጣል። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሊትር ያህል ውሃ በእያንዳንዱ ፍሳሽ ማፍሰስ ይበቃል። ክረምት ላይ ፀሐይ ብቅ ባለ ቁጥር መስኮቱን ክፈቱ፣ ፍራሹንም ከግድግዳው አራቁና አቁሙት፤ አለዚያ ይሻግታል።

መቆለፍ ካልተቻለ ንጥፉን አንሱ። ባዶ ፍራሽ ላይ የተጣጠፈ ብርድ ልብስ የሚያይ እንግዳ ክፍሉ የእሱ እንዳልሆነ ይገባዋል። በር ላይ "መግባት ክልክል ነው" ብሎ መለጠፍ ግን አልመክርም፤ ያስቀይማል እንጂ አይከለክልም። ቤት ውስጥ ካሜራ መግጠም ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም።

ዘመድ ሲጨመር። ለግሸን ማርያም መስከረም 21 የሚሄድ ሰው ደሴ ላይ ሲያድር፣ ወይም ሠርግ ሲኖር፣ "ሁለት ሰው መጣብን" የሚል ስልክ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ይደወላል። የተጨማሪ ክፍልና መሬት ላይ የሚነጠፍ ፍራሽ ዋጋ ቀድሞ የተነገረ ይሁን፤ በዚያ ሰዓት ክርክር አያምርም። ቢበዛ ስንት ሰው ማሳደር እንደምትችሉ የሚወስነው ከአልጋ ይልቅ ውሃ ነው፦ አንድ ሰው በቀን 60 ሊትር ቢጠቀም፣ የ1000 ሊትር ሮቶ ስምንት ሰው ሁለት ቀን ብቻ ይይዛል። ለቡና የመጣ ጎረቤትና ዘመድ ግን አይቆጠርም። ወሎ ውስጥ በቡና ጠጪ ሒሳብ የሚጠይቅ አከራይ ስሙ ቶሎ ይጠፋል።

ከሰል። ሌሊቱ ሲበርድ የከሰል ምድጃ ይዞ ወደ መኝታ የሚገባ እንግዳ አለ። ጭስ ባይታይም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ይጠራቀማልና ሰው ይገድላል። ቁልፍ ስታስረክቡ በአፋችሁ ተናገሩ፣ በእያንዳንዱ አልጋ ላይም ትርፍ ብርድ ልብስ አስቀምጡ።

ሲወጡ። እንግዳው እያለ አብራችሁ ክፍሎቹን ዙሩ፤ ከሄደ በኋላ በስልክ መጠየቅ ጭቅጭቅ ነው። ከመግባቱ በፊት የእያንዳንዱን አልጋ ፎቶ አንሱ። የአንድ ትርፍ ክፍል የአንድ አዳር ዋጋ የሚያህል መያዣ ይበቃል። ክፍል ተከፍቶ ታድሮበት ከሆነ የተነገረውን ዋጋ ብቻ ቁረጡና ቀሪውን እዚያው መልሱ፤ ለተጨማደደ የትራስ ልብስ ግን ምንም አትቁረጡ። ለእያንዳንዱ አልጋ ሦስት ሙሉ አንሶላ ካላችሁ፣ አንዱ አልጋ ላይ፣ አንዱ አጠባ፣ አንዱ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ቀጣዩ እንግዳ በዚያው ቀን ቢመጣም አትቸገሩም።