ለሁለተኛ ቦዲ አሮጌ ፉል ፍሬም ካሜራ እንዴት ይገዛል?

ሙሽራዋ ከቤተሰቦቿ ቤት ልትወጣ ነው። አባቷ ቆመው እየመረቁ ነው፤ እናቷ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ያለቅሳሉ፤ ውጭ የአጃቢዎቹ መኪና ጥሩምባውን አላቆመም። ሻተሩን ተጫንኩ፣ ዝም። ስክሪኑ ላይ ኢረር ወጣ። ባትሪውን አውጥቼ መለስኩ፣ ካርድ ቀየርኩ፣ ሌንሱን ነቅዬ እንደገና ገጠምኩ፣ ያው ኢረር። ሁለተኛ ካሜራ አልነበረኝም። ከቪዲዮ አንሺው ትርፍ ካሜራ እስክዋስ ድረስ ምርቃቱ አልቆ ሙሽራዋ መኪና ውስጥ ገብታለች። የዚያ ምርቃት ፎቶ የለም። አባትየው በኋላ አልበሙን ሲያገላብጡ ደጋግመው የፈለጉት ደግሞ እሱኑ ነበር።

በሰው ሰርግ ገንዘብ የምትቀበሉ ከሆነ ሁለተኛ ቦዲ፣ ማለትም ሌንሱን ሳይጨምር ሁለተኛ ካሜራ ያስፈልጋችኋል። አዲስ መሆን የለበትም። ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው ፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያለው ካሜራ) እንኳ በደንብ ተፈትሾ ከተገዛ ሥራውን ይሠራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሲመርጥ ነው። ሁለተኛውንም እንደ መጀመሪያው ይመርጠዋል፤ ስንት ሜጋ ፒክስል ነው፣ ቪዲዮው እንዴት ነው፣ ስሙ ያስጠራል ወይ ይላል። የሚፈለገው ግን ዋናው ካሜራችሁ ቀጥ ሲል በዚያው ሌንስ፣ በዚያው ባትሪ፣ በዚያው ካርድ የሚቀጥል ካሜራ ነው። እጃችሁ የለመደው ቁልፍ እዚያው ቦታው ላይ ሊገኝ ይገባል። ሙሽራ ፊት ቆሞ ሜኑ መፈለግ አይቻልም። ስለዚህ ኒኮን የያዘ ኒኮን ይግዛ፣ ካኖን የያዘም ካኖን። ሌላው ካሜራ ቢረክስ እንኳ ሌንሱና ባትሪው ሲደመር ርካሽነቱ ይጠፋል።

ከሁሉ በፊት ሌንሳችሁን ቁጠሩ። ክሮፕ በሚባለው፣ ሴንሰሩ አነስ ባለ ካሜራ ላይ የጀመራችሁ የካኖን ሰዎች፣ ኢኤፍ-ኤስ የተባለው ሌንስ ፉል ፍሬም ቦዲ ላይ አይገጥምም። ኒኮን ላይ የክሮፕ ሌንሱ፣ ዲኤክስ የሚባለው፣ ይገጥማል፣ ግን ምስሉን ቆርጦ ነው የሚያነሳላችሁ። በቅርቡ ወደ ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው አዲሱ ዓይነት ካሜራ) የተሻገራችሁ ደግሞ የባሰ ወጥመድ አለባችሁ። ካኖን አር6 ይዞ አሮጌ 6ዲ መጨመር ጥሩ ሐሳብ ነው፤ የድሮው የካኖን ሌንስ፣ ኢኤፍ የሚባለው፣ በአዳፕተር አር6 ላይ ይሠራል፣ 6ዲ ላይ ደግሞ ያለ ምንም ነገር ይገጥማል፤ የ6ዲው ባትሪም አር6 ላይ ይሠራል። ሌንሶቻችሁ በሙሉ አርኤፍ፣ ማለትም የሚረርለሱ፣ ከሆኑ ግን 6ዲው ላይ አንዱም አይገጥምም። ባዶ ቦዲ ታቅፋችሁ ትቀራላችሁ። የኒኮን የሚረርለስ ሌንስ ዜድና አሮጌው ዲ750ም እንዲሁ ናቸው።

«ለሁለተኛ ቦዲ ክሮፕ አይበቃም ወይ?» የሚለኝ ሰው አለ። ለቀን ሥራ ይበቃል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጧፍ ብርሃን ሥርዓተ ተክሊል ስታነሱ ግን ልዩነቱን ታዩታላችሁ። ፉል ፍሬም ሴንሰር 36 በ24 ሚሊሜትር ነው፤ በስፋት ከካኖን ክሮፕ 2 ተኩል እጥፍ ይበልጣል፤ ለጨለማ ብላችሁ አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃን የሚስብበትን መጠን) ከፍ ስታደርጉ ፎቶው ቶሎ አይበላሽም። ሌላው ነገር ሌንሱ የሚያሳያችሁ ስፋት ነው። 24-70 ሌንስ ካኖን ክሮፕ ላይ ሲገጠም እንደ 38 ሚሊሜትር ሆኖ ነው የሚጀምረው፤ ይጠብባል። በጠባብ ሳሎን ውስጥ ጀርባችሁ ግድግዳ ነክቶ እንኳ የቤተሰቡ ጠርዝ ይቆረጣል።

አሁን ወደ ካሜራዎቹ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። በ2005 የወጣው የመጀመሪያው ካኖን 5ዲ ፎቶው አሁንም ያምራል፣ ለሥራ ግን አልመክረውም። ውስጡ ያለው መስታወት ከተጣበቀበት የሚላቀቅበት የታወቀ ችግር ነበረው፤ ካኖንም በነጻ ይጠግን ነበር፤ ያልተጠገነ ሊደርሳችሁ ይችላል። በ2008 የወጣው 5ዲ ማርክ 2 ባለ 21 ሜጋ ፒክስል ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ፎከሱ ግን የሚታመነው መሃል ላይ ነው፤ ካርዱም ሲኤፍ የሚባለው የድሮ ዓይነት ብቻ። ዋናው ካሜራችሁ ኤስዲ ከሆነ ሁለት ዓይነት ካርድና ሁለት ዓይነት ሪደር መሸከም ነው። የ2012ቱ 6ዲ ለኔ ለዚህ ጉዳይ የተሠራ ይመስለኛል። ቀላል ነው፣ ኤስዲ ነው፣ የመሃሉ ፎከስ ነጥብ በጣም በጨለመ ቦታ ይይዛል፣ በውጭ አገር በጥቂት መቶ ዶላር ይገኛል። የካርድ ቦታው ግን አንድ ብቻ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው 5ዲ ማርክ 3 ደግሞ 61 የፎከስ ነጥብና ሁለት የካርድ ቦታ አለው፣ አንዱ ሲኤፍ አንዱ ኤስዲ፤ ኤስዲው ግን ቀርፋፋ ነው፤ ሁለቱ ላይ አንድ ላይ ስትጽፉ ካሜራው ይጎተታል።

ኒኮን ከሆናችሁ ዲ750ን ፈልጉ፤ 2014፣ 24 ሜጋ ፒክስል፣ ሁለት ኤስዲ። ከዲ600 ራቁ፤ ሴንሰሩ ላይ ዘይትና ቆሻሻ የሚረጭ ችግሩ ይታወቃል፣ ኒኮን ራሱ በ2013 ሻተሩን ለውጦ ዲ610 ብሎ አወጣው። የ2013ቱ ሶኒ ኤ7 በዋጋው ያጓጓል፣ ነገር ግን ባትሪው 340 ፎቶ አካባቢ ነው የሚሄደው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ለሚቆይ ሰርግ ኪስ ሙሉ ባትሪ ያስፈልጋችኋል። ሶኒ ላይ ካላችሁ ታግሳችሁ ኤ7 ማርክ 3 እስክታገኙ ብትጠብቁ ይሻላል።

እንግዲህ ዋናው ሥራ ፍተሻው ነው። ቴሌግራም ላይ «ስላይትሊ ዩዝድ፣ ንጹህ ዕቃ» የሚል ሁሉ ንጹህ አይደለም። ሳታዩ ቀብድ አትላኩ። ሻጩን ቀን ላይ፣ ብርሃን ያለበት ካፌ ቅጠሩት። የራሳችሁን ሌንስ፣ የራሳችሁን ካርድ፣ የሞላ ባትሪ፣ ፍላሽና ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱ። ግማሽ ሰዓት እንደሚያስፈልጋችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት። የሚቸኩል ሻጭ ካጋጠማችሁ ቡናችሁን ከፍላችሁ ውጡ።

መጀመሪያ ሳትከፍቱት አገላብጡት። ትራይፖድ የሚታሰርበት ዙሪያ ከተሰነጠቀ ወድቋል ማለት ነው። የብሎኖቹ ራስ ከተፋፋቀ ተከፍቷል። መከፈቱ ብቻውን ወንጀል አይደለም፣ ግን ለምን እንደተከፈተ ጠይቁ። ላስቲኩ ይለቃል ወይ? የካርዱን በር ክፈቱና በስልካችሁ መብራት ውስጡን እዩ፤ ሲኤፍ ከሆነ ቀጫጭን ፒኖች አሉ፣ አንዷ እንኳ ከተጣመመች ተዉት። ቪው ፋይንደሩን ወደ ሰማይ አዙራችሁ ተመልከቱ። ሻጋታ እንደ ሸረሪት ድር ነው የሚታየው።

ቀጥሎ ሻተር ካውንት፣ ማለትም ካሜራው እስካሁን ያነሳው የፎቶ ብዛት። ኒኮን ከሆነ አንድ ፎቶ አንሱና ፋይሉን ላፕቶፕ ላይ ክፈቱ፤ ቁጥሩ ፋይሉ ውስጥ አለ፣ በነጻ የሚያነቡ ድረ ገጾች ሞልተዋል። ካኖን 6ዲና ማርክ 2 ግን ፋይሉ ላይ አይጽፉም፤ በኬብል አገናኝታችሁ በሶፍትዌር ነው የምታዩት፣ ስለዚህ የድሮውን ሚኒ ዩኤስቢ ኬብል አትርሱ። ሻጩ የፎቶውን ስም አሳይቶ «ይኸው 4 ሺህ ነው ያነሳው» ካለ አትቀበሉ። የፋይል ቁጥር 9999 ሲደርስ እንደገና ከ1 ይጀምራል።

ቁጥሩ ምን ማለት ነው? 6ዲ ለ100,000 ፎቶ፣ ማርክ 2፣ ማርክ 3ና ዲ750 ለ150,000 ተፈትነዋል። በአንድ ሰርግ 2,000 ፎቶ የሚያነሳ ሰው በ50 ሰርግ 100,000 ይደርሳል፤ ስለዚህ የሰርግ ካሜራ ቁጥሩ ከፍ ቢል አይግረማችሁ። ያንን ያለፈ ካሜራ ወዲያው ይሞታል ማለትም አይደለም፣ ዋጋ ማስቀነሻ ነው። በጣም ዝቅ ያለ ቁጥርም ዓይን ይፈልጋል፤ ስንት ሰዓት ቪዲዮ እንደቀረጸ አይነግራችሁም። በተለይ በቪዲዮ ስሙ የገነነውን ማርክ 2 ስትገዙ «ክሊፕ ይሠራበት ነበር ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን አንሱ። ሻተር ስፒዱን 1/4000 አድርጋችሁ ሰማዩን ብዙ ጊዜ አንሱ፤ የፎቶው አንድ ጎን ከሌላው ከጠቆረ ሻተሩ ደክሟል። ከዚያ የሌንሱን ቀዳዳ አጥብባችሁ ኤፍ/22 ላይ አድርጋችሁ፣ ፎከሱን አጥፍታችሁ፣ ነጭ ግድግዳ ወይም ወረቀት አንሱና አጉልታችሁ ተመልከቱ። ክብ ክብ ጥቁር ነጠብጣብ አቧራ ነው፣ ይጸዳል። ቀጥ ያለ መስመር ካያችሁ ጭረት ሊሆን ይችላል፣ እሱ አይጸዳም። የሌንሱን ክዳን ከድናችሁ ለ30 ሰከንድ አንሱ፤ ቀይና ሰማያዊ ነጥቦች ጥቂት ቢሆኑ ችግር የለም፣ እንደ ከዋክብት ከሞሉት ግን ተዉት። ሌንሳችሁን ከፍታችሁ ወደ ኤፍ/1.8 መልሱና የካፌውን ሜኑ ላይ አንዷን መስመር ፎከስ አድርጉ፤ የሳለችው ያቺው መስመር ናት ወይስ ከበላይዋ ያለችው? ትንሽ ከሳተ 6ዲና ማርክ 2 ሜኑ ውስጥ ማስተካከያ አላቸው፤ የመጀመሪያው 5ዲ ግን የለውም። ፍላሽ ሰክታችሁ አሥር ጊዜ ተኩሱ። እያንዳንዱን ቁልፍና የሚሽከረከር ጎማ ንኩ። በመጨረሻ ላይቭ ቪው (ምስሉን በስክሪኑ ማየት) ከፍታችሁ አምስት ደቂቃ ቪዲዮ ይቅረጽ፤ አንዳንዱ ችግር ካሜራው ሲሞቅ ነው የሚወጣው።

የኔን የአሁኑን 6ዲ ስገዛ ሁሉም ነገር ደህና ነበር፣ የኋላው ጎማ ብቻ ወደ ቀኝ ሲዞር አንዳንዴ ይዘላል። ሻጩ አላወቀውም ነበር፣ አብረን ነው ያየነው። ዋጋ ቀነሰልኝ፣ እኔም እያወቅሁ ገዛሁት። ያንን ሳላውቅ ሰርግ ላይ ብደርስበት ኖሮ እንዴት እንደምደነግጥ አስቡት።

ከተስማማችሁ በኋላ ሰነፍ አትሁኑ። ካሜራው ግርጌ ያለውን ሲሪያል ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ካርቶን ከሌለ አጭር ውል ጻፉ፤ የሻጩ ስም፣ ሲሪያሉ፣ ዋጋውና ቀኑ ይኑርበት፣ የመታወቂያውንም ፎቶ ያዙ። የተሰረቀ ዕቃ ገዝታችሁ ባለቤቱ ቢመጣ እጃችሁ ላይ ወረቀት ይኑር። ጨዋ ሻጭ በዚህ አይቆጣም።

ዘመድ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የሚያመጣላችሁ ከሆነ ከግለሰብ አይግዛላችሁ፤ ተመላሽ ከሚቀበልና ዋስትና ከሚሰጥ ያገለገሉ ካሜራዎች ሱቅ ይሁን። ካሜራው በረራው ከመድረሱ ሦስት ሳምንት በፊት እጁ ይግባ። እህቴ ስለ ካሜራ ምንም አታውቅም፣ ግን በቪዲዮ ኮል እያየኋት የነጩን ግድግዳና የክዳኑን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። በቂ ነበር። ለሚያመጣላችሁ ሰው ቻርጀሩንም አስታውሱት። ኦሪጅናል ባትሪ ከተገኘ ከዚያው ይምጣ፣ አስመስሎ የተሠራው እዚህ ሞልቷል።

ካሜራው ቤት ሲገባ መጀመሪያ ሪሴት አድርጉት፤ የድሮው ባለቤት ምን እንደቀየረ አታውቁም። ቀጥሎ ሰዓቱ። ይሄን ብዙ ሰው ይንቀዋል። አንዱ ካሜራ በኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት፣ ሌላው በፈረንጆቹ 9 ሰዓት ከተሞላ፣ ማታ ፎቶውን በሰዓት ስትደረድሩ ቀለበቱ ከኬኩ በኋላ ይመጣል። ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ በአንድ ስልክ ሰዓት እስከ ሰከንዱ አስተካክሉ። ባትሪ በቀየራችሁ ቁጥር ቀኑ የሚጠፋ ከሆነ ውስጡ ያለችው ትንሿ ክብ ባትሪ አልቃለች፤ ማርክ 2 ላይ ሲአር1616 ናት፣ ራሳችሁ ትቀይሯታላችሁ።

ከዚያ አንድ ሰው መስኮት አጠገብ አስቀምጡና በሁለቱም ካሜራ፣ በአንድ ሌንስ፣ በአንድ ዋይት ባላንስ (የቀለም ማስተካከያ) አንሱት። የፊቱ ቀለም ይለያያል፤ አሮጌው ትንሽ ቢጫ ወይም ቀይ ይል ይሆናል። ልዩነቱን ኮምፒውተር ላይ አስተካክላችሁ ፕሪሴት፣ ማለትም ዝግጁ ማስተካከያ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ አንድ አልበም ላይ ሁለት ዓይነት ቆዳ እንዳይታይ። የመጀመሪያ ሥራው ሰርግ አይሁን። የጎረቤት ልጅ ልደት ወይም ክርስትና ላይ ሙሉ ቀን ያዙት፣ ዋናውን ቤት ትታችሁ እሱን ብቻ።