ለራስ «አይዞህ» ማለት ሲያቅት፦ እኔ የሠራኋቸው ስህተቶች

የምረቃ ሰሞን ለፎቶ ኮፒ ቤት ገበያም ነው፣ መከራም ነው። የጅማ ዝናብ አይለቅም። መብራት ይሄዳል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በፍላሽ ይዘው ይሰለፋሉ፤ መምህራን ፊት ጽሑፋቸውን የሚያቀርቡበት «ዲፌንስ» ደርሶባቸዋል። እኔ ማተሚያው ጋ ቆሜ በራሳቸው ላይ የሚያወርዱትን ስድብ እሰማለሁ። «እኔ እኮ ድሮም አልረባም።» «ዲፌንሱ ላይ መሳቂያ ነው የምሆነው።» ይህን ለጓደኛቸው ቢናገሩት ጠብ ይነሳ ነበር።

ልስቅባቸው አልችልም። አምና የአንዷን ተማሪ ጽሑፍ አምስት ቅጂ በሌላ ሰው ሽፋን ጠርዤ አስረከብኩ። ዲፌንሷ በማግስቱ ጠዋት ነበር። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ቁጭ ብዬ እንደገና ሠራሁት። እጄ ሲሠራ ውስጤ ዝም አላለም። «አንተ ደደብ! አንተን ብሎ ነጋዴ!» ሲለኝ አደረ። ከራሴ ጋር የማወራበትን መንገድ ልቀይር ብዬ የተነሳሁት ከዚያ በኋላ ነው። በመንገዱ ላይ ያልተሳሳትኩት ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ከስድብ ወደ ውዳሴ መዝለል

ትልቁ ስህተቴ ይሄ ነው። ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ «አንተ ጎበዝ ነህ! የሚያቅትህ ነገር የለም!» እል ጀመር። በሦስተኛው ቀን ውስጤ ሳቀብኝ። «ሽፋኑን ማን ነበር ያቀያየረው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ከበፊቱ ብሼ ወጣሁ።

ለካ የኔ ብቻ ችግር አይደለም። በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጆአን ዉድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጥናት አለ። ሰዎች «እኔ ተወዳጅ ሰው ነኝ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ደጋግመው ለራሳቸው እንዲሉ ተደረገ። ድሮም ለራሳቸው ጥሩ ግምት የነበራቸው ሰዎች ጥቂት ደስ አላቸው። ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት የነበራቸው ግን ባሰባቸው። መድኃኒቱ የጎዳው በጣም የሚፈልገውን ሰው ነው ማለት ነው። እንደሚመስለኝ ውስጣችን ያልተቀበለውን ነገር ስንነግረው ይከራከረናል፤ ክርክሩንም ያሸንፋል።

ስለዚህ የምለውን ዝቅ አደረግኩት። «ሽፋን አቀያይሬያለሁ። ሌሊት ቁጭ ብዬ አስተካክያለሁ። ከእንግዲህ ሳልጠርዝ በፊት ስም አነባለሁ።» ይሄ ውዳሴ አይደለም። ግን እውነት ነው፣ የሚከራከርበትም ነገር አያገኝም። አንድ ተማሪም «እወድቃለሁ» የሚለውን «አልፋለሁ» በሚል ከሚተካው «ሦስተኛውን ምዕራፍ በደንብ አውቀዋለሁ፣ አራተኛው ላይ እደናገራለሁ፣ ማታ እሱን አነባለሁ» ቢል ይሻለዋል። እውነቱን መናገር ከማሞገስ ይልቅ ያረጋጋል።

«አላስበውም» ብሎ መማል

ቀጥሎ የሞከርኩት ክፉውን ሐሳብ ማባረር ነው። እዚሁ ጅማ ካለው ከፈረንጅ አራዳ ሰፈር ወደ ቤቴ በእግሬ ስሄድ «ስለ ሽፋኑ አላስብም፣ ስለ ሽፋኑ አላስብም» እላለሁ። ሙሉ መንገዱን ስለ ሽፋኑ ነው የማስበው።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ዳንኤል ዌግነር እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ሙከራ ሰዎችን ለአምስት ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ አዘዘ። ትዝ ባላቸው ቁጥር ደወል ይመታሉ። ደወሉ አላረፈም። በኋላ «አሁን አስቡ» ሲባሉ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲያስቡ ከተፈቀደላቸው ሰዎች በላይ ድቡ ጎረፈባቸው። ይሄን ካነበብኩ ወዲህ ሐሳቡ ሲመጣ «መጣህ ደግሞ?» ብዬው ሥራዬን እቀጥላለሁ። ደንበኛ አይደለ፣ ላስተናግደው አልገደድም።

ፈጥኖ የመጣውን እንደ እውነት መቀበል

አሮን ቤክ የተባለው አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተጨነቁ ታካሚዎቹን ሲያዳምጥ አንድ ነገር አስተዋለ። ሳይጠሩት ብልጭ ብሎ የሚያልፍ፣ ባለቤቱም ሳይመረምር የሚያምነው ሐሳብ አለ። ቤክ «በራሱ ጊዜ የሚመጣ ሐሳብ» ብሎ ጠራው። እኔ ይሄን ሐሳብ የምይዘው በቃላቱ ነው፦ «ሁልጊዜ»፣ «መቼም»፣ «ማንም»። «ሁልጊዜ ታበላሻለህ» ሲለኝ ቆጠርኩ። በዚያ ሳምንት 60 ያህል ጽሑፍ ጠርዣለሁ። የተበላሸው የአንዷ ነው። በእርግጥ ለሷ ያ አንዱ ሁሉ ነገሯ ነበር፤ እሱን አልክድም።

ለራስ ማዘንን ስንፍና ማድረግ

«ራሴን ካልወቀስኩ እሰንፋለሁ» የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔም እል ነበር። ግን ረዳቴ ሲሳሳት የምለው «አይዞህ፣ ከእንግዲህ ስሙን አንብብ» ነው። ልጁ አልሰነፈም። ተሰድቦ የዋለ ሰው ግን እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሌላ ያበላሻል። አማርኛችን «አይዞህ»፣ «አይዞሽ»፣ «አይዟችሁ» ሞልቶታል። «አይዞኝ» የሚል ሰው ግን ስንት ጊዜ ሰምታችኋል?

ሁሉንም በ«እኔ» ማውራት

ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ኢታን ክሮስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች በአጭር ጊዜ ተዘጋጅተው በሰው ፊት እንዲናገሩ ተደረገ። በዝግጅቱ ወቅት «እኔ» እያሉ ካሰቡት ይልቅ ራሳቸውን በስማቸው እየጠሩ ያሰቡት የተሻለ ተናገሩ፣ ቀለል ብሏቸውም ወጡ።

እኛ ግን ይሄን ነገር ከጥንትም እናውቀዋለን እላለሁ። የድሮ ሰው ሲፎክር ራሱን በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። ምኒልክ አባ ዳኘው ናቸው። እዚህ ጅሬን ቤተ መንግሥታቸው የሚጎበኘው የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋርም ስማቸው የፈረስ ስም ነው። ልቡ ሲሸበር ራሱን ከውጭ ሆኖ የሚጠራ ሰው እንደ ሌላ ሰው ይመክረዋል። እኔ ፈረስ የለኝም፤ ሥራ ሲጨናነቅ በስሜ ጠርቼ «ቀስ በል፣ አንድ በአንድ» እለዋለሁ። በሆዴ ነው፤ ደንበኛ ፊትማ እንዴት ይሆናል።

የቃል ለውጥ ሁሉን ይፈታል ማለት

ዕዳ በቃል አይከፈልም። ያልተነበበ ምዕራፍም እንዲሁ።

ሌላም አለ። ሐዘኑ ሁለት ሳምንት አልፎ ካልለቀቀ፣ እንቅልፍና ምግብ ከጠፋ፣ «ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ነገሩ የአነጋገር ጉዳይ አይደለም። የመጨረሻው ከመጣ ደግሞ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ ለምታምኑት ሰው ያኔውኑ ንገሩና አብራችሁ ሂዱ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ለካርድ ጠዋት በጊዜ መድረስ ይሻላል።