ጋርተር እባብ ስታረቡ የምትሠሯቸው ስህተቶች

«ጋርተር? እሱማ የጀማሪ እባብ ነው፣ ቀላል ነው።» ይህን አምናችሁ ከገዛችሁ የመጀመሪያውን ስህተት ሠርታችኋል። ትንሽ የሰሜን አሜሪካ እባብ ነው፣ ቀን ቀን ይንቀሳቀሳል፣ ብዙም አይናከስም። ግን አይጥ ብቻ እየበላ ከሚኖረው እባብ ጋር አንድ አይደለም። (አሜሪካ ተቀምጦ አዲስ አበባ ላለች እናት «እባብ አረባለሁ» ብሎ በስልክ መንገር ሌላ ስህተት ነው። እሱን ለእናንተ ትቻለሁ።)

ከሁሉ የከፋው የዓሣው ነገር ነው። ርካሹን ጎልድፊሽ ገዝተን ውሃ ሳህኑ ውስጥ እንለቅለታለን፣ እሱ እያሳደደ ይበላል፣ እኛም ቆመን እናያለን፣ ደስ ይላል። ችግሩ ጎልድፊሽ ታያሚኔዝ የሚባል ኢንዛይም አለበት፤ ቫይታሚን ቢ 1ን ያጠፋል። ይህንኑ ብቻ ሲበላ የከረመ እባብ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ራሱን ማቅናት ያቅተዋል፣ ካልታከመም ይሞታል። ዓሣውን በረዶ ማድረግ አይፈታውም። ለመኖ የሚሸጠው ሮዚ ሬድ የሚባለው ትንሽ ዓሣም፣ ስሜልት የሚባለው ዓሣም ያው ናቸው። ቆሮሶ ወይም ትራውት ስጡት፤ ሥጋውን ብቻ ከሆነ ግን ካልሲየም ያንሰዋል። ለዚህ ነው የአይጥ ግልገል ማስለመድ የሚሻለው። እምቢ ካለ ግልገሏን ዓሣ ላይ አሹዋት፣ ሽታው ያታልለዋል።

የምድር ትል ጥሩ ነው፣ ለኮምፖስት የሚሸጠው ቀዩ ትል ግን አይሆንም።

«ውሃ ዳር የሚኖር ነው» ብለው ቤቱን የሚያረጥቡም አሉ። ቆዳው ውሃ ይቋጥራል፣ ይቆስላል። ውሃው ሳህን ውስጥ ይሁን፣ ወለሉ ደረቅ። አንዱ ጫፍ 30 ዲግሪ ገደማ ይሙቅ፣ ሌላው 23 አካባቢ።

ክዳን ላይ አትቆጥቡ። «ልቡን አይቶ እግር ነሳው» ይባላል፤ እግር ሳይኖረው እርሳስ በማታልፍበት ቀዳዳ ከወጣ፣ ቢኖረውማ!

ብዙ እባብ አንድ ላይ ማኖር ይቻላል፣ አንድ ላይ ማብላት ግን አይቻልም። ሁለቱ አንድን ትል ከሁለት ጫፍ ከያዙት ትልቁ ትንሹን ጨምሮ ይውጠዋል። ዋንደሪንግ የሚባለው ዝርያ ደግሞ ሰበብም አይፈልግም፣ ሌላ እባብ ይበላል፤ ለብቻው አኑሩት።

ወደ እርባታው ስንመጣ፣ ከመጣመራቸው በፊት የሚያስፈልጋቸውን የቅዝቃዜ ጊዜ መዝለል ወይም ሆዱ ሳይጎድል ማቀዝቀዝ የተለመደ ጥፋት ነው። በካናዳ ማኒቶባ፣ ናርሲስ አካባቢ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ጋርተሮች ከመሬት ስር ከርመው በጸደይ ሲወጡ ነው የሚጣመሩት። እናንተም መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ምግብ አቁሙ፤ አለዚያ ያልተፈጨው ሆዱ ውስጥ ይበሰብሳል። ከዚያ 10 ዲግሪ ገደማ፣ ከ8 እስከ 12 ሳምንት። ከደቡብ የመጣው ቼከርድ የሚባለው ዝርያ ይህን ያህል አይፈልግም። ሴቷም ሁለት ዓመት ሳይሞላት አትቸኩሉ።

እንቁላል የምትጠብቁ ካላችሁ ተዉት፣ ጋርተር ይወልዳል። ያውም ብዙ።

ሴቷ የወንዱን ዘር ለወራት ይዛ መቆየት እንደምትችል ማንም አልነገረኝም ነበር። «ብቻዋን ናት» ብለው የሸጡልኝ አንዷ በነሐሴ አንድ ጠዋት 27 ወለደችልኝ፣ እኔም ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ የምድር ትል በምላጭ ስቆራርጥ ዋልኩ።