የካርቡሬተርና የማኒፎልድ ጥምረት በቆየ የስፖርት መኪና ላይ

እንደ ፊያት 124 ስፖርት ያለ የቆየ መኪና በባሕር ዳር ለሚነዳ ሰው ካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለውን ክፍል) የመለወጥ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ በግዢ ይጀመራል፤ መጀመር የነበረበት ግን በልኬት ነው። ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ወይም ከውጭ አገር የመጣን ዕቃ መልሶ መለወጥ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ካርቡሬተሩና ማኒፎልዱ (ድብልቁን ወደ ሞተሩ የሚያደርሰው ቱቦ) እንደ አንድ ዕቃ ተቆጥረው ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋር ከተለኩ በኋላ ብቻ ቢገዙ ይሻላል።

በቅድሚያ አቀማመጡ ይታይ። ዌበር አይ.ዲ.ኤፍ. የተባለው ካርቡሬተር ቆሞ አየሩን ከላይ ወደ ታች ሲስብ፣ ዌበር ዲ.ሲ.ኦ.ኢ. ግን ተጋድሞ ከጎን ይስባል፤ ስለዚህ የአንዱ ማኒፎልድ ለሌላው አይሆንም። እንደ «40 ዲ.ሲ.ኦ.ኢ.» ባለ ስም ላይ ያለው 40 የስሮትሉን (አየር የሚከፍትና የሚዘጋው በር ያለበትን መተላለፊያ) ዲያሜትር በሚሊሜትር ይናገራል እንጂ በውስጡ ያለውን የቬንቹሪ (አየሩን የሚያፈጥነው ጠባብ አንገት) ጥበት አይገልጽም፤ የሞተሩን ጠባይ ይበልጥ የሚወስነው ደግሞ ቬንቹሪው ነው። ለ1438 ሲሲ ሞተር ሰፊ ቬንቹሪ መምረጥ፣ በእኔ አስተያየት፣ ለጉራ ካልሆነ በቀር ጥቅም የለውም፤ በዝቅተኛ ዙር የአየሩ ፍጥነት ስለሚወርድ ቤንዚኑ በደንብ አይሳብም፣ መኪናውም ሲነሳ ይተናነቃል።

ዋናው ሥራ መገጣጠሚያው ላይ ነው። አዲስ ጓርኒሲዮን (በሁለት ክፍሎች መካከል የሚገባ ማሸጊያ) በማኒፎልዱ ፊት ላይ ዘርግቶ የቀዳዳውን ጠርዝ በሹል ነገር ማስመር፣ ያንኑ ጓርኒሲዮን በካርቡሬተሩ ፊት ላይ አድርጎ ማነጻጸር ያስፈልጋል። የካርቡሬተሩ አፍ 40 ሚሊሜትር ሆኖ የማኒፎልዱ 38 ከሆነ፣ ዙሪያውን የ1 ሚሊሜትር ደፍ በአየሩ መንገድ ላይ ይቀራል፤ አየሩ እዚያ ይናወጣል፣ የተበተነውም ቤንዚን ወደ ጠብታ ይመለሳል። ማኒፎልዱ በጥቂቱ ሰፋ ያለ ቢሆን ግን ጉዳቱ ያነሰ ነው። ደፉን ለማጥፋት ማኒፎልዱ ከሞተሩ ወርዶ በሞረድ ወደ ውስጥ ቀስ በቀስ እየጠበበ እንዲሄድ ይሞረድ፤ ከዚያም የአሉሚኒየሙ ብናኝ ወደ ሲሊንደር እንዳይገባ በላምባ ታጥቦ በአየር ይነፋ። ጓርኒሲዮኑም ወደ ቀዳዳው ገብቶ ከታየ ይቆረጥ። የፊቱ ቀጥተኛነት በብረት መስመሪያ ሲታይ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ በማሽን እንዲስተካከል ቶርኖ ቤት ይወሰድ፤ ክፍተቱን በተራ ሲሊኮን መሙላት ቤንዚን ስለሚያሟሟው ዋጋ የለውም።

ዲ.ሲ.ኦ.ኢ. የሚገጠም ከሆነ በላስቲክ ቀለበት ላይ ተንሳፍፎ መቀመጥ አለበት። ዳዶው እስከ መጨረሻው ከጠበቀ የሞተሩ ንዝረት በቀጥታ ወደ ካርቡሬተሩ አልፎ በሳህኑ (በቤንዚን ማቆሪያው) ውስጥ ያለውን ቤንዚን አረፋ ያደርገዋል።

የፍሬን ሰርቮው ከማኒፎልዱ ቫኪዩም የሚስብ ስለሆነ፣ አዲሱ ማኒፎልድ መሳቢያ ከሌለው ሳይበጅለት መኪናው ወደ መንገድ አይውጣ፤ ፍሬኑ ያለ ሰርቮ እጅግ ይከብዳል።

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ሳስቶ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል። በባሕር ወለል ደረጃ 140 ቁጥር ዋና ጄት (ቤንዚኑ ተለክቶ የሚያልፍበት ቀዳዳ) የሚስማማው ሞተር እዚህ ወደ 135 ቢወርድ ተገቢ መነሻ ይሆናል። ይሁን እንጂ ጄት ከመለወጥ በፊት ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ) እየሠራ መገጣጠሚያዎቹ ላይ ጥቂት ውኃ ይረጭ፤ ድምፁ ከተለወጠ አየር ይገባል ማለት ነው። ሁለት ካርቡሬተር ካለ ደግሞ የሁለቱ አየር አሳሳብ በመለኪያ እኩል ይደረግ፤ ይህ ሳይሆን የሚደረግ የድብልቅ ማስተካከያ ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው በዓባይ በረሃ ቁልቁል ወርዶ እንደገና ከባሕር ዳር በላይ ስለሚወጣ፣ ለአንዱ ከፍታ ብቻ ድብልቁን አጥብቆ ከማሳሳት (ቤንዚኑን ከመቀነስ) ይልቅ ለባሕር ዳሩ ተስተካክሎ የካንዴላው (ድብልቁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ቀለም ከጉዞው በኋላ ቢታይ ይበጃል፤ ቡናማ ከሆነ ጄቱ አይነካ፣ ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ግን አንድ ደረጃ ይቀነስ።