ጥንድ አስትሮይድን በሰዓት መመዘን

ዲዲሞስ የተባለውን አስትሮይድ (ፀሐይን የሚዞር ድንጋይ) በቴሌስኮፕ ብታዩት አንዲት ነጥብ ናት፣ በቃ። ጨረቃ እንዳለችው ለማወቅ ከዓይን ይልቅ ሰዓት ይጠቅማል። ስሙ በግሪክ «መንታ» ማለት ነው። ሳላይ አላምንም ያለው ቶማስም ዲዲሞስ ይባል ነበር፣ እዚህ ግን ሳያዩ ማመን ግድ ነው።

መጀመሪያ ጊዜውን ምረጡ። ፀሐይን ለመዞር 770 ቀን ገደማ ስለሚፈጅበት ሁሌም ቅርብ አይደለም። ከዚያ ቴሌስኮፑ ላይ ካሜራ ግጠሙና ሌሊቱን ሙሉ ፎቶ አንሱ፣ ድምቀቱንም እዚያው ፎቶ ላይ ካሉ ከማይለዋወጡ ኮከቦች ጋር እያነጻጸራችሁ መዝግቡ። ኮከቦቹን ከዘለላችሁ ስስ ደመና ባለፈ ቁጥር ጨረቃ ያገኛችሁ ይመስላችኋል።

የመዘገባችሁት ድምቀት ግራፍ ላይ ትንሽ ሞገድ ይመላለሳል። ትልቁ ድንጋይ በ2.26 ሰዓት አንዴ በራሱ ዙሪያ ስለሚሾር ነው። እሱን ቀንሱት። በቀረው መስመር ላይ አልፎ አልፎ ጎድጎድ የሚል ነገር ካለ ታናሿ ዲሞርፎስ ናት፤ አንዴ ከፊት ስታልፍ፣ አንዴ ከኋላ ስትደበቅ። በአንድ ዙር ሁለት ጉድጓድ ማለት ነው፣ ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ግማሽ ዙር እንጂ ሙሉ አይደለም። ምህዋሯን በጎን በኩል የማናይበት ወቅት ላይ ከሆነ ደግሞ ጉድጓዱ ጭራሽ አይመጣም።

ዲዲሞስ ላይ ሌላም ጣጣ ነበረ። ዙሩ 11 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ስለነበር ሁለት ዙር 23 ሰዓት ከ50 ይሆናል። አንድ ቦታ ቆሞ የሚያይ ሰው በየሌሊቱ ያንኑ የዙር ክፍል፣ በ10 ደቂቃ ብቻ ቀደም ብሎ፣ ደግሞ ደጋግሞ ያያል። መላው በሌላ ኬንትሮስ ላይ ካለ ሰው ጋር ዳታ መለዋወጥ ነው።

አሁን ወደ ሚዛኑ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 1,190 ሜትር ገደማ ነበር። ይህን ቁጥር ሦስት ቦታ ጽፋችሁ እርስ በርስ አባዙት፣ ውጤቱን በ39.5 አባዙ። ለብቻው ደግሞ ዙሩን ወደ ሰከንድ ቀይሩ (42,900)፣ በራሱ አባዙት፣ ከዚያም በስበት ቋሚው፣ በ6.674 × 10⁻¹¹። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ስታካፍሉ 540 ቢሊዮን ኪሎ ግራም አካባቢ ይመጣል። የሁለቱም ድምር ነው፣ አብዛኛው ግን የትልቁ።

የድሮውን ዙር ለዛሬ ምልከታ እንዳትጠቀሙበት። እ.ኤ.አ. በ2022 ዳርት የተባለችው የናሳ መንኮራኩር ዲሞርፎስን ገጭታ ዙሩን ወደ 11 ሰዓት ከ22 ደቂቃ አሳጥራዋለች። ያንኑ ስሌት ገልብጣችሁ ብትሠሩት ታናሿ ወደ ትልቁ በ37 ሜትር ገደማ እንደተጠጋች ታገኛላችሁ። ለተመልካችም ተመቸ፣ ጉድጓዱ አሁን በየሌሊቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ይቀድማል።